ዚፕ፣ ሰቨን ዚፕ ወይስ ራር? ለሰው የሚላከውና ለራስ የሚቀመጠው

ዚፕ፣ ሰቨን ዚፕና ራር ፋይሎችን ጨምቀው አንድ ላይ የሚያስሩ የፋይል ዓይነቶች ናቸው። ብዙ ሰው ፋይል ሊያሳንስ ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የትኛው የበለጠ ይጨምቃል?» ብሎ ነው። እኔ ግን «ማን ነው የሚከፍተው?» የሚለውን አስቀድማለሁ።

ለሌላ ሰው የሚላክ ከሆነ ዚፕ ይሁን። ከ1989 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ነው። ዊንዶውስም፣ ማክም፣ አይፎንም ምንም ሳይጫንባቸው ይከፍቱታል። ለሥራ ማመልከቻ ሲቪና የትምህርት ማስረጃ ስትልኩ ተቀባዩ መክፈቻ ፕሮግራም ፍለጋ መሄድ የለበትም። በመሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ላይ መጫን የማይፈቀድለትም ብዙ ነው።

ለራሳችሁ የምታስቀምጡት ከሆነ ምርጫዬ ሰቨን ዚፕ ነው። የሚሠራበት ፕሮግራም ስሙም ሰቨን ዚፕ ነው፤ ነፃ ነው፤ ለድርጅት ሥራም አይከፈልበትም። ተራ ጽሑፍና የዳታቤዝ ፋይል ላይ ከዚፕ በደንብ ያነሰ ፋይል ያወጣል። የአማርኛ ፋይል ስምም አያበላሽም። በድሮዎቹ ዊንዶውሶች፣ ለምሳሌ በዊንዶውስ 7፣ በአማርኛ የተሰየመ ፋይል ዚፕ ሲደረግ «አይቻልም» የሚል መልእክት ይመጣ ነበር።

ፎቶና ቪዲዮ ላይ ግን ከማንኛቸውም ብዙ አትጠብቁ። ጄፔግና ኤምፒ4 ቀድሞውኑ የታመቁ ናቸው። የሠርግ ቪዲዮ ዚፕ ብታደርጉት ያው ነው፤ ጥቅሙ ብዙውን ፋይል አንድ ላይ ማሰሩ ብቻ ነው። የዎርድ ዶክክስ ፋይልም በውስጡ ዚፕ ስለሆነ ብዙም አይቀንስም።

ትልቁ ልዩነት ፓስወርድ ላይ ነው። ዚፕ በፓስወርድ ሲዘጋ የፋይሎቹ ስም አይደበቅም። «የባንክ ስቴትመንት»፣ «የምርመራ ውጤት» የሚለውን ማንም ከፍቶ ያነባል። ሰቨን ዚፕ ላይ ፓስወርድ ከሚጻፍበት ሥር ስሞቹንም የሚደብቅ ምልክት ማድረጊያ ሳጥን አለ። እሷን ንኩ። ዚፕ ራሱ ሁለት ዓይነት አቆላለፍ አለው። አሮጌው ዚፕክሪፕቶ በዊንዶውስ ይከፈታል፣ ግን ደካማ ነው። ኤኢኤስ-256 ጠንካራ ነው፤ የዊንዶውሱ መክፈቻ ግን አይፈታውም። ስለዚህ ምስጢር ያለበትን ስትልኩ ተቀባዩ ሰቨን ዚፕ እንዲጭን ብትለምኑት ይሻላል። ፓስወርዱን ደግሞ በዚያው መልእክት አትላኩ፤ ደውላችሁ ንገሩት።

ራርስ? መክፈት በነፃ ነው። ለመሥራት ግን ዊንራር የሚባለው ፕሮግራም ያስፈልጋል፤ እሱም ከ40 ቀን ሙከራ በኋላ የሚገዛ ነው። አንድ የምወድለት ነገር አለ፦ ስትጠቀልሉ «ሪከቨሪ ሪከርድ» ካስጨመራችሁ፣ ፍላሹ ትንሽ ቢበላሽ እንኳ ፋይሉን የመጠገን ዕድል አለ። ሰቨን ዚፕ ይህ የለውም። ለዚህ ብቻ ብላችሁ ግን ገንዘብ አታውጡ። በዚያ ገንዘብ ሁለተኛ ፍላሽ ገዝታችሁ ሌላ ቅጂ ብታስቀምጡ የተሻለ ዋስትና ነው።

ዊንዶውስ 11 ከ2023 ማሻሻያው ወዲህ ራርንም ሰቨን ዚፕንም ይከፍታል። ዊንዶውስ 10 ላይ ያለ ሰው ግን ገና ብዙ ነው። የምትልኩለት ሰው ምን እንደሚጠቀም ካላወቃችሁ፣ ዚፕ አድርጉለት።