ከጥር እስከ መስከረም የተጠቀምኩባት የጃር ቫኪዩም፦ ለበርበሬና ለቆሎ እሺ፣ ለዓሣ በጭራሽ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። በርበሬ፣ ሽሮና ቅመም በዓመት አንዴ በብዛት አሰናድታችሁ የምታስቀምጡ ከሆነ ይህች ከጃር ውስጥ አየር የምትስብ ዕቃ ትጠቅማችኋለች። በርበሬ በኪሎ እየገዛችሁ በወር የምትጨርሱ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ለሌላ ነገር አውሉት። ወጥና ዓሣ ሳይበላሽ ታቆይልኛለች ብላችሁ ካሰባችሁ ደግሞ ጭራሽ አትግዟት። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ የጤና ጉዳይ ስለሆነ ወደ ታች በሰፊው እመለስበታለሁ።

በመጀመሪያ ዕቃዋን ላስተዋውቅ። በአንድ እጅ የምትጨበጥ፣ በስልክ ቻርጀር የምትሞላ ትንሽ ፓምፕ ናት። ሁለት መግጠሚያ አላት። አንዱ አፉ 70 ሚሊሜትር ለሆነ ጃር ነው፤ ሌላው 86 ሚሊሜትር ለሆነው ሰፊ አፍ ጃር። ጃሩም ተራ ጠርሙስ አይደለም። ጆን ላንዲስ ሜሰን የሚባል አሜሪካዊ በ1858 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት ያገኘበት ጃር ዝርያ ነው። የዛሬው ክዳን ሁለት ቁራጭ ነው፤ አንድ ጠፍጣፋ ቆርቆሮ፣ አንድ ደግሞ ቆርቆሮውን የሚይዝ ባለ ጥርስ ቀለበት። ከቆርቆሮው ሥር ዙሪያውን ጎማ መሰል ነገር ተቀብቷል።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቀለበቱን ትታችሁ ቆርቆሮውን ብቻ አፉ ላይ ታስቀምጣላችሁ። ፓምፗን ከላይ ደፍታችሁ ቁልፉን ስትጫኑ ትንጫጫለች። አየሩ ከውስጥ ይወጣል። ስታነሷት የውጭው አየር ክዳኑን ወደ ታች ተጭኖ ይይዘዋል። መያዙን ለማወቅ ጃሩን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ የቆርቆሮውን ጠርዝ በጣት ጫፍ ይዛችሁ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ካልለቀቀ ይዟል ማለት ነው። ቀለበቱ ለመጓጓዣ ካልሆነ ሥራ የለውም።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር ሰው የሚጠቅም አንድ ነገር አለ። መመሪያው ላይ የሚጻፈው የመሳብ ኃይል ቁጥር ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ ሰው የታሰበ ነው። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። ክዳኑን የሚጫነው አየር ስለሆነ፣ እዚህ የሚጫነው በዚያው ልክ በቀነሰ ጉልበት ነው። አዲስ አበባ ስትወጡ ደግሞ ይብስ ይቀንሳል። ለእህቴ አዲስ አበባ የላክሁላት ሽሮ ክዳኑ እንደያዘ ደርሷል፤ መንገድ ላይ ግን ቀለበቱን አጥብቄ ነው የላክሁት። እናንተም እንደዚያው አድርጉ።

አሁን ወደ በርበሬው። ጥር ላይ የሃላባ በርበሬ ገዝተን፣ ቀጥፈን፣ አድርቀን፣ ቀምመን አስፈጨን። ግማሹ እማዬ በምትተማመንበት ባለ ክዳን ፕላስቲክ ባልዲ ገባ። ግማሹን እኔ በየጃሩ ሞልቼ አየሩን ሳብኩ። እማዬ ቆማ ስታየኝ ቆየችና «አየሩን ከሳብሽው በርበሬው በምን ይተነፍሳል?» አለችኝ። ሁሉም አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ገቡ። ጃሩ ብርሃን ያሳልፋልና ጨለማ ያስፈልገዋል፤ ብርሃን የበርበሬን ቀለም ይበላል።

ሐምሌ ላይ ሁለቱን ነጭ ሳህን ላይ ጎን ለጎን አፈሰስናቸው። የባልዲው ወደ ቡናማ አድልቷል። ጠርዝ ጠርዙም ተጓጉሏል፤ በማንኪያ ጀርባ ካልተጫኑት አይፈርስም። የጃሩ ገና ቀይ ነው፣ በጣት ሲነኩት ይበተናል። ሽታው ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቷል። ከጃሩ ኮረሪማው ቀድሞ ይመጣል፣ ከባልዲው የሚመጣው የበርበሬ ሽታ ብቻ ነው። እማዬ ከሁለቱም በጣት ጫፍ ቀመሰች። አስተያየት አልሰጠችም። ሲመሽ ግን «ስንት ጃር ቀረሽ?» ብላ ጠየቀች።

በእርግጥ ፍርዱ ባልዲውን ትንሽ ይበድለዋል። ባልዲው በየቀኑ ሲከፈት ከርሟል፣ ጃሩ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አልተነካም። ክረምት ላይ ባልዲ በከፈታችሁ ቁጥር የሐይቁ እርጥበት አብሮ ይገባል። ስለዚህ ከልዩነቱ የተወሰነው የቫኪዩሙ ሳይሆን ያለመነካቱ ነው። ለዚህ ነው አሁን አንድ ትንሽ የዕለት ዕቃ ከምድጃው አጠገብ የማስቀምጠው። ሲያልቅ አንድ ጃር ከፍቼ እሞላዋለሁ፤ የተረፈውን ወዲያው መልሼ አሽገዋለሁ። ጃሩን የዕለት ዕቃ ካደረጋችሁት ፓምፗ ዋጋ የላትም።

ዱቄት ላይ አንድ ችግር አለባት። ስትስብ ደቃቁ አብሮ ይነሣል። ጠርዙ ላይ ትንሽ ብናኝ ካረፈ ክዳኑ አይይዝም፤ ፓምፗ ውስጥ ከገባ ደግሞ ታስነጥሳለች፣ እናንተም አብራችሁ። መፍትሔው ሶፍት በክብ ቆርጦ ዱቄቱ ላይ ማልበስ ነው። ከላይ ሁለት ጣት ያህል ባዶ ቦታ ተዉ፣ ጠርዙን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉ። ስትከፍቱም ፊታችሁን አታቅርቡ። የቆርቆሮውን ጠርዝ በማንኪያ እጀታ በቀስታ ስታነሡት አየሩ ፍስስስ ብሎ ይገባል፤ ሶፍቱ ከሌለ ቀዩ ብናኝ ብድግ ይላል። ሚጥሚጣ ከሆነ ደግሞ አሳዘናችሁኝ።

ከሁሉም በላይ ያስደሰተችኝ ግን በርበሬው ላይ ሳይሆን ቆሎው ላይ ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ቤታችን ደግሞ ገብስና ሽምብራ ከለውዝና ከሱፍ ጋር እየተቆላ ይከርማል። ቆሎ እርጥበት ሲነካው ወዲያው ይለሰልሳል። ለውዝና ሱፍ ደግሞ ዘይት አላቸው፤ ዘይቱ ከአየር ጋር ሲቆይ ይበላሽና መረር ይላል። ጃሩ ሁለቱንም ይከለክላል። በደንብ ቀዝቅዞ የታሸገ ቆሎ ከሳምንታት በኋላ ሲከፈት ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ትኩሱን ግን አታሽጉ፤ እንፋሎቱ ውስጥ ይቀርና መልሶ ያለሰልሰዋል። ዳቦ ቆሎም ያው ነው።

ሽምብራ፣ ምስርና ባቄላ ላይ ጠላታችን ነቀዝ ነው። እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ከገበያ አብሮ ነው የሚመጣው። አየር ማሳጠር ያዳክመዋል፣ ግን ይቺ ፓምፕ አየሩን ሙሉ በሙሉ ስለማትስብ ሁሉንም ገደለች ብዬ አልምልላትም። እኔ ጥራጥሬውን መጀመሪያ አራት ቀን ያህል ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጣለሁ፤ በ18 ዲግሪ ከዜሮ በታች ነቀዙም እንቁላሉም አይተርፉም። ሲወጣ ከረጢቱን ሳልከፍት እስኪሞቅ እጠብቃለሁ። ቶሎ ከከፈታችሁት ላብ ያወጣና እርጥበቱን አብራችሁ ታሽጋላችሁ።

ቡና ላይ አልረባችኝም። አብዛኛው ቤት የሲዳማን ቡና ጥሬውን አስቀምጦ ሲፈልግ ይቆላል፤ ጥሬ ቡና ደግሞ ይህን ያህል እንክብካቤ አይጠይቅም። ጧት ለሥራ ስለምቸኩል ቆልቼ ላሽግ ብዬ ሞከርኩ። በማግስቱ ክዳኑ ራሱን ለቅቆ ተገኘ። ጥፋቱ የፓምፗ አይደለም። አዲስ የተቆላ ቡና ለቀናት ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይተፋል፤ ጋዙ ክዳኑን ከታች ወደ ላይ ይገፋዋል። ጥቂት ቀን አቆይቶ ማሸግ ይቻላል፣ ግን እስከዚያ ቡናው ያልቃል።

ንጥር ቅቤ ደህና ነው፤ ውኃው ጨርሶ እስኪጠፋ ከተነጠረ፣ ቅመሙ በደንብ ከተጠለለና ከረጋ በኋላ ከታሸገ። ቋንጣ ግን ሲታጠፍ የሚሰበር ካልሆነ አልነካውም። የሚሰበረውንም ፍሪጅ ነው የማስገባው።

አሁን ወደ ዓሣው። ሐዋሳ ላይ ይህን ዕቃ ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው፦ «ከአሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ቆሮሶ (ቲላፒያ) በርከት አድርገን ገዝተን በጃር ብናሽገውስ?» መልሴ አይሆንም ነው። ነገሩ እንዲህ ነው። ምግብ በአየር ውስጥ ሲበላሽ ይሸታል፣ ይሻግታል፣ እናውቅበታለን። ክሎስትሪድየም ቦቱሊነም የሚባለው ባክቴሪያ ግን ኦክስጅን አይወድም። አየሩን ስታወጡለት ቤቱን ሠራችሁለት ማለት ነው። መርዙ ነርቭን ሽባ ያደርጋል፣ ይገድላልም። ምግቡ ደግሞ ሽታውም መልኩም ሳይለወጥ መርዙን ሊይዝ ይችላል። በዓሣ ላይ የሚገኘው ዓይነቱ በ3 ዲግሪ ብርድ እንኳን ያድጋል፤ ስለዚህ «ፍሪጅ ውስጥ ነው ያለው» ማለት አያድንም። በቫኪዩም ታሽጎ በረዶ የሆነ ዓሣ እንኳን ፍሪጅ ውስጥ እንዲሟሟ ከመተዉ በፊት ማሸጊያው መከፈት አለበት የሚባለው ለዚሁ ነው።

«ቀቅለን ብናሽገውስ?» የሚልም አለ። መፍላት ባክቴሪያውን ይገድላል፣ ስፖር የሚባለውን ሙቀት የሚቋቋም ዘሩን ግን አይገድልም። ዘሩን ለመግደል ከ116 እስከ 121 ዲግሪ ያስፈልጋል፤ ለዚህም ለጃር ማሸጊያ ተብሎ የተሠራ የግፊት ድስት ያስፈልጋል። ሐዋሳ ላይ ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ነው። ፈረንጆቹ ምግብ በጃር አሽገው መደርደሪያ ላይ የሚያቆዩት በግፊት ድስቱ ሙቀት ነው፣ ወይም ጎምዛዛ ምግብ መርጠው ነው፤ የጎምዛዛነት መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ ጎምዛዛነቱ ይጨምራል) ከ4.6 በታች ሲሆን ያ ባክቴሪያ አያድግም። አየር መሳብ ብቻውን ምንም አይገድልም። በሙቀት ማሸግና አየር መሳብ ጃራቸውና ክዳናቸው አንድ ስለሆነ ብቻ ሰው ያምታታቸዋል። ሻጮችም «ምግብ አምስት እጥፍ ይቆያል» ይላሉ፤ የትኛው ምግብ እንደሆነ ግን አይነግሯችሁም።

በዚሁ ሂሳብ የተላጠ ነጭ ሽንኩርት፣ የተፈጨ ዝንጅብል፣ እርጥብ አዋዜና ድልህ ወደ ጃሩ አይገቡም። ወጥ ከተረፈ በተራ ዕቃ ፍሪጅ ይግባ፣ በቃ።

የዕቃዋን ጥንካሬ በተመለከተ ብዙ ቅሬታ የለኝም። መብራት ሲጠፋ በባትሪዋ ትሠራለች፣ ይህን ወድጄላታለሁ። ድምፅዋ ግን ጆሮ ይበሳል፤ ልጅ ተኝቶ አትሞከርም። የሰፊው አፍ መግጠሚያ ጎማ ላላ ብሏል። በእርጥብ ጨርቅ ስጠርገው ይሻለዋል፣ አንዳንዴ ግን ከላይ በመዳፍ ጫን ካላልኩት አየር ያሾልካል። የጠባቡ እስካሁን እንደ አዲስ ነው። ሁለተኛ ብገዛ ጃሩን በሙሉ ጠባብ አፍ አደርገው ነበር።

ትልቁ ራስ ምታት ጃሩ ነው። ከተማው ውስጥ ፈልጌ አጣሁ፤ ያሉኝ ከውጭ በሻንጣ የመጡ ናቸው። ዋጋውን የማልጽፈው እናንተ እስክታነቡት ስለሚለወጥ ነው። የማርማላታ ጠርሙስ ቤታችን ሞልቷል፣ ግን ክዳኑ የሚጠመዘዝ አንድ ቁራጭ ስለሆነ ፓምፗ አትይዘውም። የእኔ ጃሮች ጠፍጣፋ ቆርቆሮ ክዳን ግን ለደረቅ ነገር ደጋግሞ ያገለግላል። በቢላ አትፈልቅቁት፣ ጠርዙ ከተጣመመ አለቀለት። ጃር የሚያመጣላችሁ ሰው ካገኛችሁ ሁለት እሽግ ትርፍ ክዳን አብሮ እንዲያመጣ ንገሩት፤ ክብደት የለውም፣ እዚህም አይገኝም። ስትነግሩት መጠኑን፣ 70 ወይም 86 ሚሊሜትር መሆኑን፣ በጽሑፍ ላኩለት። ለእኔ የመጣው የመጀመሪያው እሽግ ሰፊው ነበር፣ ያኔ የነበሩኝ ጃሮች ደግሞ ሁሉም ጠባብ።