ዓሳና አትክልት በአንድ ውሃ፦ ሰሜን ሸዋ ላይ የትኛውን እንግዛ?

ሰሞኑን ስልክ ላይ የአኳፖኒክስ፣ ማለትም ዓሳና አትክልትን በአንድ ውሃ የማልሚያ ዕቃ፣ ማስታወቂያ በዝቷል። ከላይ ሰላጣ፣ ከታች ዓሳ፣ መሃል ላይ ፓምፕ። ያምራል። ችግሩ ማስታወቂያው ደብረ ብርሃን ላለውም ሸዋ ሮቢት ላለውም አንድ ዓይነት መሆኑ ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ላይ ናት። ጣርማ በርን ተሻግራችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ ስትወርዱ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ ላይ ትቀበላችኋለች። ላይ ጋቢ፣ ታች ካናቴራ። ዓሳ ደግሞ ጋቢ አይለብስም፤ የውሃው ሙቀት የሱም ሙቀት ነው።

ስለዚህ ዕቃ ከማወዳደራችን በፊት የምትኖሩበትን ከፍታ አስቡ። ምርጫውን ከግማሽ በላይ የሚወስነው እሱ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልበል። ዓሳው የበላው መኖ አሞኒያ ሆኖ ውሃው ውስጥ ይወጣል፣ አሞኒያ ደግሞ ለራሱ ለዓሳው መርዝ ነው። ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ይለውጡታል፣ እሱም መርዝ ነው፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት። ናይትሬቱን አትክልቱ ይመገበዋል፣ ውሃው ጠርቶ ወደ ዓሳው ይመለሳል። እንግዲህ የምትገዙት ዓሳ፣ አትክልትና ባክቴሪያ አብረው የሚኖሩበት ቤት ነው ማለት ነው። ሻጮች ሦስተኛውን አያነሱትም። ባክቴሪያው በበቂ እስኪራባ በሞቀ ውሃ ከ3 እስከ 6 ሳምንት ይፈልጋል፣ በብርድ ከዚያም ይረዝማል። «ዛሬ ገጥመን ነገ ዓሳ እንጨምርበታለን» የሚል ሻጭ ካጋጠማችሁ ሻዩን ጠጡና ውጡ።

ገበያ ላይ የምታገኙት በመሠረቱ ሦስት ዓይነት ነው፦ የቧንቧ፣ የተንሳፋፊ ፎም እና የጠጠር መደብ። ብር አልጽፍም፣ ዋጋው በየወሩ ይገለባበጣል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ብዙ አይለወጥም። ተገጣጥሞ የሚመጣው ቧንቧ ውዱ ነው፣ ፎሙ መካከለኛ፣ የጠጠር መደብ ደግሞ ዕቃውን ራሳችሁ ካሰባሰባችሁ ርካሹ።

ቧንቧው

ማስታወቂያ ላይ የምታዩት ነጩ፣ ደረጃ በደረጃ የተደረደረው እሱ ነው። ባለ 110 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ ውስጥ ስስ ውሃ ይፈሳል፣ ቀዳዳዎቹ ላይ ሰላጣ ይተከላል። ቦታ አይፈጅም፣ ቀላል ነው፣ በረንዳ ላይም ይቆማል። ለፎቶ ከሱ የሚበልጥ የለም።

ለሰሜን ሸዋ ግን አልመክረውም፣ ለላዩም ለታቹም። ውሃው ስስ ስለሆነ የአየሩን ጠባይ ወዲያው ይቀበላል። ደብረ ብርሃን ላይ ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ቧንቧው ሌሊቱን ሙሉ ውሃችሁን ያቀዘቅዝላችኋል፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ደግሞ እኩለ ቀን ላይ ሥሩን ያፈላዋል። መብራት ሲጠፋ ሥሩ እርጥበት የሚጠብቅበት ቦታ የለውም፣ በፀሐይ ሰዓት ከሆነ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይጠወልጋል። የዓሳው ኩስም ቀጭን ቱቦዎቹን ስለሚደፍን ለብቻው ማጣሪያ ያስፈልገዋል፣ ማጣሪያው ደግሞ ብዙ ጊዜ ዋጋው ውስጥ የለም። ቲማቲምና ቃሪያማ ጭራሽ አይሆንም፣ ሥራቸው ቧንቧውን ይሞላዋል።

ተንሳፋፊው ፎም

30 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ጥልቀት ያለው ገንዳ፣ በላዩ የተበሳሳ ፎም፣ ሥሩ ውሃ ውስጥ ተንጠልጥሎ። ውሃው ብዙ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ አይዋዥቅም፣ መብራት ቢጠፋም አትክልቱ ውሃው ላይ ነውና ቶሎ አይጠወልግም። ሰላጣና ቆስጣ በብዛት ለማምረት ይሄን የሚያህል የለም። ፎሙን ብድግ ስታደርጉት ነጭ ሥር እንደ ጺም ተንዠርግጎ ታያላችሁ፤ ቡናማ ሆኖ ከተንሸራተተና ከሸተተ ግን ኦክስጅን አንሶታል ወይም ኩስ ተጠራቅሞበታል።

እንከኑ ሁለት ማጣሪያ መፈለጉ ነው፣ አንዱ ኩሱን የሚይዝ፣ ሌላው ባክቴሪያው የሚኖርበት። ያለነሱ ከገዛችሁት የሚሸት ገንዳ ነው የገዛችሁት። ቆላ ላይ ደግሞ ወባ አለ። ገንዳው ጠርዝ ላይ በፎም ያልተሸፈነ ክፍተት ካለ የወባ ትንኝ እዚያው ትፈለፍላለች፤ ስለዚህ ፎሙ ልክ ተቆርጦ ግጥም ማለት አለበት።

የጠጠር መደብ

አዲስ ጀማሪ ይሄን ይያዝ። ባለ 1,000 ሊትሩን፣ በብረት ፍርግርግ የታቀፈውን ነጭ የፕላስቲክ ታንከር ታውቁታላችሁ። ከላይ ሠላሳ ሴንቲ ያህሉን ቆርጣችሁ ትገለብጡታላችሁ፣ መደብ ይሆናል፤ የቀረው የዓሳ ገንዳ። መደቡ ጠጠር ይሞላል፣ ጠጠሩ ራሱ ኩሱንም ያጣራል፣ ባክቴሪያውንም ያኖራል። ሌላ ማጣሪያ አትገዙም። መብራት ጠፍቶ ቢያድር እንኳ ጠጠሩ መሃል እርጥበት ይቀራል። የውሃው ከፍታ ሁልጊዜ ከጠጠሩ ገጽ በታች ከሆነ ትንኝም መፈልፈያ አታገኝም።

ጠጠሩ ግን ይከብዳል። እንዲህ ያለው አንድ መደብ ከግማሽ ቶን ያላነሰ ጠጠር ይይዛል፣ ውሃው ሳይቆጠር። የእንጨት ቆጥ ላይ እንዳታስቀምጡት፤ ብሎኬት ደርድሩለት። ለሙሌት የሚደፋውን ሬዳሽ ብታገኙ ደግሞ ክብደቱ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ ስለሆነም ባክቴሪያ ይወደዋል። አቧራውን እጠቡት፣ ታጥቦ ታጥቦ ውሃው እስኪጠራ።

ጠጠር ስትገዙ አንድ ነገር ሞክሩ። እፍኝ ሙሉ ብርጭቆ ውስጥ ጨምሩና አቸቶ አፍስሱበት። አረፋ እየሠራ ከተንጨረጨረ የኖራ ድንጋይ አለበት፣ ተዉት። በጀማ ሸለቆ በኩል እንዲህ ያለው ድንጋይ ብዙ ነው። የኖራ ድንጋይ ውሃው ውስጥ እየሟሟ ፒኤቹን ከፍ ያደርገዋል (ፒኤች የውሃው አሲድነት መለኪያ ነው፣ ሲወጣ አሲዱ ያንሳል)፣ እናንተ የምትፈልጉት ከ6 እስከ 7 መሃል ነው። ፒኤቹ ሲወጣ ብረት ውሃው ውስጥ ቢኖርም አትክልቱ መውሰድ ያቅተዋል፣ አዲሱ ቅጠል ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ መሃሉ ቢጫ ይሆናል። ያኔ ሰው አትክልቱ ምግብ ያነሰው መስሎት ዓሳ ይጨምራል። ጉዳዩ ከዓሳ ጋር አይገናኝም።

መደቡን ሞልቶ ባዶ የሚያደርግ ሳይፈን ይሸጡላችኋል። ሲሠራ ደስ ይላል፣ ግን ቁጡ ነገር ነው፣ ሥር ሲገባበት ይቆማል። ፓምፑን በየሰዓቱ ለ15 ደቂቃ የሚያሠራ ታይመርና አንድ ተራ መውረጃ ቱቦ ይበቃችኋል።

ዓሳውስ?

ቆሮሶ ሁሉም የሚያውቀው ነው፣ ጣዕሙም ገበያውም አለ። ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሲሆን ይፋፋል፣ ከ50 ግራም ተነስቶ በ6 እስከ 8 ወር ግማሽ ኪሎ ይደርሳል። ከ17 በታች ሲሆን መብላት ያቆማል፣ ወደ 10 ሲወርድ ይሞታል። ለሸዋ ሮቢትና ለአጣዬ ሜዳ ምርጥ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ያለ ማሞቂያ ቆሮሶ የሚሸጥላችሁ ሰው አላዘነላችሁም። ወንድና ሴት ከተቀላቀለ ደግሞ እየተራባ ሁሉም ቀጫጫ ሆኖ ይቀራል፣ ወንድ ብቻ ጠይቁ።

አምባዛ ከአየርም ስለሚተነፍስ መብራት ሲጠፋ ከሁሉም የተሻለ ይቋቋማል። እሱም ሙቀት ይፈልጋል። እኛ አገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፦ ቅርፊት ስለሌለው የማይበላው ሰው ብዙ ነው። ለመሸጥ ካሰባችሁ ገዢያችሁን አስቀድማችሁ ጠይቁ። በፆም ዓሳ የሚበላና የማይበላም አለ፣ እሱንም ሰፈራችሁ ይነግራችኋል።

ካርፕ የደጋው ዓሳ ነው። ብርድ ይችላል፣ ሲበርደው ዝም ብሎ ይቆያል እንጂ አይሞትም፣ እድገቱ ግን ከ20 ዲግሪ በታች ይዘገያል። እሾህ ይበዛዋል፣ ልጆች ካሉ አስቡበት።

ማሞቂያስ ብንገዛ የምትሉ አላችሁ። 1,000 ሊትር ውሃ በ1 ዲግሪ ብቻ ከፍ ለማድረግ 1.16 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል። ከ14 ወደ 26 ልታወጡት ከሆነ 14 ገደማ፣ ሌሊት የሸሸውን ደግሞ በማግስቱ እንደገና። ፓምፑ 40 ዋት ቢሆንና ቀን ከሌት ቢሠራ እንኳ ወሩን ሙሉ 29 አካባቢ ነው የሚቆጥረው። ልዩነቱን ራሳችሁ እዩት። ለማሞቂያ የምታወጡትን ብር ላስቲክ ቤት ሥሩበት፣ ገንዳውን ደግሞ እስከ ወገቡ መሬት ቅበሩት።

ከፍታው በኦክስጅንም ይመጣባችኋል። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን በእኩል ሙቀት ባሕር ጠረፍ ላይ ካለው ከሩብ በላይ ያንሳል። ውሃውን ባሞቃችሁት ቁጥር ደግሞ የበለጠ ያንሳል። ባትሪ ያለው የአየር ፓምፕ ስለዚህ ጌጥ አይደለም። ዓሳ በታጨቀበት ገንዳ መብራት ከጠፋ የሚቆጠረው በሰዓት ነው።

ስንት ዓሳ?

እዚህ ላይ ነው ሰው የሚታለለው። «በአንድ ታንከር 50 ዓሳ» ይሏችኋል። እናስላው። ለቅጠላ ቅጠል በአንድ ካሬ ሜትር በቀን ከ40 እስከ 50 ግራም መኖ የሚያወጣው ናይትሬት ይበቃል። የአንድ ታንከር መደብ 1.2 ካሬ ነው፣ ስለዚህ በቀን ከ50 እስከ 60 ግራም ገደማ መኖ። የደረሰ ዓሳ በቀን ከክብደቱ 1 እስከ 2 በመቶ ይበላል። ሒሳቡ 4 ኪሎ አካባቢ ዓሳ ይሰጣችኋል፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ የሚሆኑ ስምንት። ከዚያ በላይ ብትጨምሩ ወይ መደብ መጨመር ነው፣ ወይ ናይትሬቱ ሲጠራቀም ውሃ እየቀየሩ መኖር። ስለዚህ ይሄ ነገር ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን በብዛት የሚሰጥ፣ ዓሳ ደግሞ አልፎ አልፎ የሚያበላ ነው። በዓሳ ሽያጭ ወጪውን እመልሳለሁ ያለ ሰው ካልኩሌተር ያውጣ።

እንግዲህ እኔ ብሆን

ደብረ ብርሃን፣ አንኮበር ወይም መንዝ ከሆናችሁ፦ የጠጠር መደብ፣ ካርፕ፣ ላስቲክ ቤት። ሰላጣ፣ ቆስጣና ጎመን ብርዱን ስለሚችሉት ከካርፕ ጋር ይስማማሉ፤ ቲማቲም ለማየት አትጓጉ። ሸዋ ሮቢትና አካባቢዋ፦ ቆሮሶ፣ ለጀማሪ ጠጠር፣ እጁ ለፈታ ደግሞ ፎም፣ በላዩ ጥላ። ቃሪያና በሶብላ ደስ ብሏቸው ይበቅላሉ። ሰፊ ጓሮና የመስኖ ውሃ ካላችሁ ግን ከሦስቱም አንዱን አትግዙ። ተራ ኩሬ ቆፍሩ፣ ዓሳ አርቡ፣ የኩሬውን ውሃ ሽንኩርታችሁን አጠጡበት። ፓምፕ ቀን ከሌት አይሠራም፣ መብራት ጠፋ ብላችሁም አትደነግጡም።

ያገለገለ ታንከር ስትገዙ ምን ተይዞበት እንደነበር የሚገልጸውን ወረቀት ጎኑ ላይ ፈልጉ። ወረቀቱ ከተቀደደ ክዳኑን ክፈቱና አሽትቱ፤ ኬሚካል ከሸተተ በነፃም አትውሰዱት። የዚንክ ገንዳና የመዳብ ቱቦ ዓሳ ይመርዛሉ፣ ሁሉም ፕላስቲክ ይሁን። የከተማ ቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ አፉ በተከፈተ በርሜል አንድ ሁለት ቀን አሳድሩት። የዓሳ ጫጩት ለማግኘት መጀመሪያ ሰበታ ያለውን ብሔራዊ የዓሳ ምርምር ማዕከል ጠይቁ፣ የምትኖሩበትን ከፍታም ንገሯቸው። ጫጩቱን የምታመጡት ግን መደቡ ሥራ ከጀመረ፣ አሞኒያውና ናይትራይቱ ተለክቶ ዜሮ ከሆነ በኋላ ነው፤ ስለዚህ ከታንከሩ ጋር አብራችሁ የመለኪያ ጠብታውን ግዙ።