የመርዓዊን ፍራፍሬ ግዙ፤ ለዕቃ ላኪ ግን አትስጡ

በግንቦት ወደ ባሕር ዳር ለምትሄዱ ሁሉ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦ ፍራፍሬውን ያለ ሥጋት ግዙ፣ ሻጮቹን እመኑ፣ ጀልባውን ተሳፈሩ፣ ጭማቂውን ጠጡ። አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በሳጥን ልላክ ካላችሁ ግን ሳጥኑን ከእጃችሁ አታውጡ። ምክንያቱን በረጅሙ እጽፈዋለሁ፤ ንዴቴ ገና አልበረደም።

የምኖረው ስቶክሆልም ነው። እዚያ ማንጎ የሚሸጠው በፍሬ ተቆጥሮ ነው። ከብራዚል ጥሬውን ይመጣል፣ ማእድ ቤት መስኮት ላይ ቀናት ይቀመጣል፣ ሽታ የለውም፣ በመጨረሻ ሲቆረጥ ፍሬው ዙሪያ ጠቁሮ ይገኛል። አቮካዶውም ከዚያ አይሻልም። ስለዚህ የዘንድሮ ዕረፍቴን ሆን ብዬ ከማንጎ ወቅት ጋር አገጣጠምኩት። ጣና ዳር ማንጎ የሚደርሰው ከሚያዝያ እስከ ክረምቱ መግቢያ ነው። ከፋሲካ በኋላ ደግሞ የሠርግ ጊዜ ነው፤ አዲስ አበባ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ በግንቦት ስለምታገባ ለመልሱ የሚሆነውን ፍራፍሬ ከባሕር ዳር እልካለሁ ብዬ ቃል ገባሁ። አክስቴም በዚህ ተማምና ጭማቂ ከሌላ ቦታ ሳታዝዝ ቀረች።

ያረፍኩበት ሆቴል ደህና ነበር። ውኃ ማታ ማታ ይጠፋል፤ ነገር ግን ሳይነገራቸው በባልዲ ሞልተው ያስቀምጣሉ፣ አንሶላው ንጹሕ ነው፣ ጠዋት የወፉ ድምፅ ከሰው ድምፅ ይበልጣል። ባጃጆቹ አነጋገሬን ሲሰሙ ዋጋ ይጨምራሉ። የአጎቴ ልጅ አብሮኝ ሲሆንና አፌን ዘግቼ ስቀመጥ ግን ታሪፉ ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን ያህሉን እችለዋለሁ።

ጭማቂ ቤቶቹ እንደ ድሮው ናቸው። ስፕሪሱ ዛሬም በረጅም ብርጭቆ ይመጣል፤ ከታች አቮካዶ፣ ከመሐል ማንጎ፣ ከላይ ፓፓያ፣ ዳር ላይ ሎሚ። በማንኪያ ነው የሚበላው። ስኳር የማትወዱ ከሆነ ከመፈጨቱ በፊት ተናገሩ። እኔ "ስኳር አይግባበት" ስል አስተናጋጇ የታመምኩ መስሏት "እግዜር ይማርሽ" አለችኝ። ስቶክሆልም ውስጥ አንድ ብርጭቆ በምጠጣበት ገንዘብ እዚህ መላውን ጠረጴዛ ጋብዣለሁ፤ ይህን የምለው ለመኩራራት አይደለም፣ ዋጋው እንዳያስደነግጣችሁ ነው።

ጀልባውንም አመሰግናለሁ። ወደ ዘጌ በሞተር ጀልባ አንድ ሰዓት ያህል ነው። ነጂው በወደቡ የተስማማንበትን ዋጋ ሲመልሰኝ አንድ ብር አልጨመረበትም፣ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎቹ ፊት ስቆይም አላጣደፈኝም። ዘጌ ላይ በሬ አይጠመድም፤ ሕዝቡ ይህን ከአቡነ በትረ ማርያም የተረከበው ሥርዓት ነው ይላል፤ ኑሮው የተመሠረተው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ ነው። ደኑም በዚህ ተረፈ። እኔ ግን የመጣሁት ለማንጎና ለአቮካዶ ስለሆነ መንገዴን ወደ መርዓዊ አደረግሁ።

መርዓዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ 35 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የሜጫ ከተማ ናት። ከፍታዋ ወደ 2,000 ሜትር ስለሚጠጋ ደጋማው አየር ለአቮካዶ ይስማማል። መንገዱን በዚያ ቀን ሁኔታውን ከሚያውቅ ሰው ጠይቃችሁ ሂዱ። ልጅ ሳለሁ የማውቃት የጤፍ፣ የበቆሎና የባሕር ዛፍ አገር ነበረች። አሁን የቆጋ ወንዝ ተገድቦ ወደ 7,000 ሄክታር መሬት በመስኖ እንዲለማ ከተደረገ ወዲህ በጋውም አረንጓዴ ነው፤ በቦዩ ግራና ቀኝ ስንዴ፣ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ከዚያም መካከል በመስመር የቆመ አቮካዶ። ቆጋ ለግልገል ዓባይ ይገብራል፣ ግልገል ዓባይም ለጣና፤ ትናንት በጀልባ የሄድኩበትን ውኃ ዛሬ ከምንጩ በኩል አገኘሁት ማለት ነው።

የአጎቴ ልጅ የሚያውቃቸው አንድ አዛውንት ገበሬ ማሳቸውን አስጎበኙን። አቮካዶ ዛፉ ላይ እያለ እንደማይለሰልስና ከተለቀመ በኋላ ብቻ እንደሚበስል እኔ አላውቅም ነበር። "ዛፉ ለእኛ ጎተራ ነው፤ ገበያው ካልተመቸን እዚያው ይቆያል" አሉኝ። ሃስ የሚባለውን ዝርያ ከአገሬው አቮካዶ ለይተው አሳዩኝ፤ ሃስ ሲበስል ልጣጩ ይጠቁራል፣ ስለዚህ የጠቆረውን የተበላሸ ነው ብላችሁ አትተዉት። ለአራት ቀን መንገድ የሚሆነውን ጠንካራውን መርጠው ለቀሙልኝ፤ እጀታውንም ትንሽ አስቀርተው ቆረጡት፣ ከሥሩ ከተነቀለ በዚያ በኩል ይበሰብሳል።

ማንጎውን የገዛሁት ከገበያ ነው። እዚያ የሚመጣው ከየጓሮውና ዝቅ ብሎ ሙቀት ካለበት ከጣና ዳር በኩል ነው። አንዳንዱ ልጣጭ ላይ ቀይ ነጠብጣብና ነጭ ብናኝ መሳይ ነገር ታያላችሁ። በ2002 ዓ.ም. በምሥራቅ ወለጋ የታየውና ከዚያ ወዲህ ወደ ሌሎች ክልሎች የተዛመተው ነጭ የማንጎ ተባይ ነው። መልኩን ያበላሸዋል፣ ሥጋውን ግን ብዙ ጊዜ አይነካውም። ሻጯ ሳልጠይቃት "የኔ እናት፣ ይህ ውጭው ነው የከፋው፣ ቅመሽው" ብላ ሰንጥቃ ሰጠችኝ። ቀምሼ ዝም አልኩ፤ ሁለት ሳጥን አስሞላሁ። ሚዛኗን ሌላ ሱቅ አስመዝኜ አረጋግጫለሁ፣ ልክ ነበር። ከላይ ጥሩውን ደርድራ ከታች የላላውን አልደበቀችም። በሳጥኑ ውስጥ ጭድ ያነጠፈችው ራሷ ናት፤ ለጭዱም አላስከፈለችም።

እስከዚህ ድረስ ያገኘሁት ሰው ሁሉ ደግ ነበር። ከዚህ በኋላ የዕቃ ላኪው ቤት ይመጣል።

ስሙን አልጠራም። ባሕር ዳር ውስጥ ከአንድ በላይ እንዲህ ያለ ቤት አለ፣ ምናልባትም ጨዋ የሆነ ይኖራል። ሁለት ሳጥን ማንጎና ሁለት ሳጥን አቮካዶ በዕለቱ ማታ አደረስኩ። ጸሐፊው በጣም ትሑት ነው፤ "እህቴ፣ ምንም አይስጉ፣ ነገ ማታ አዲስ አበባ ነው" አለኝ። የሚበላሽ ዕቃ መሆኑን ነገርኩት፤ "እናውቃለን፣ ፍራፍሬ በየቀኑ ነው የምንልከው" አለ። ከዚያ ሚዛኑ መጣ። መርዓዊ ላይ የተመዘነው ባሕር ዳር እስኪደርስ ክብደት ጨምሯል። ለምን ስለው "ሳጥኑም ይመዘናል" አለኝ፤ ሳጥኑን ለብቻው እንዲመዝንልኝ ብጠይቀው ወረፋ እየጠበቀ ያለ ሰው አለ ብሎ አለፈኝ። በኪሎ ከተነገረኝ ዋጋ ላይ የማሸጊያ ታከለበት፣ ያሸግኩት እኔ ነኝ። የጫኝና አውራጅ ታከለበት፣ ያወረደው የአጎቴ ልጅ ነው። ለሠርግ ነው፣ አይረባም ብዬ ከፈልኩ። የአክስቴን ስምና ስልክ በቀይ ቀለም በየሳጥኑ ላይ ጻፉበት።

በማግሥቱ ማታ አክስቴ ደወለች፤ አልደረሰም። ጸሐፊውን ጠየቅሁት፤ "መኪናው መንገድ ላይ ነው፣ ነገ ጠዋት።" በሚቀጥለው ቀን "ጎሐ ጽዮን ላይ ጎማ ፈንድቶበት ነው" አለኝ። በሚቀጥለው ደግሞ "መንገድ ተዘግቷል" ሆነ። መንገድ ተዘግቷል ሲባል ማን ይከራከራል? በዚህ ጊዜ ይህ ቃል ሰውን ዝም ያሰኛል፤ እኔም ሾፌሩ ደህና መሆኑን ጠይቄ፣ ተጨንቄ፣ ስልኩን ዘጋሁ። አክስቴ ግን በዚያው ቀን ከባሕር ዳር በአውቶቡስ የመጣ ጎረቤት ቤቷ ቡና እየጠጣ እንደሆነ ነገረችኝ።

ወደ ቢሮው ሄድኩ። ጸሐፊው ስልክ እያወራ ስለነበር ግቢውን ዞር ብዬ አየሁት። ከግድግዳው ሥር፣ በላስቲክ ሸራ ተሸፍኖ፣ በላዩ የሽንኩርት ኬሻ ተጭኖበት፣ የአክስቴ ስም በቀይ ቀለም። አራቱም ሳጥን። ጎሐ ጽዮን ጎማ የፈነዳበት ማንጎ ባሕር ዳርን ለቅቆ አያውቅም።

ሸራውን ስገልጠው የወጣውን ሽታ አልገልጽም። ግንቦት ነው፣ ሸራው ጥቁር ነው፣ ፍሬው እርስ በርሱ እየተጋገለ በስሏል፣ ከዚያም አልፏል፤ ከሥር የነበረው ጭድ ርሷል። ጸሐፊው አልደነገጠም፣ አላፈረምም። "ጭነት አልሞላም ነበር" አለ፣ አየሩ ዝናባማ ነው እንደሚል ሰው። ታዲያ ጎማው? "እሱ ሌላ መኪና ነው።" ታዲያ ሰው በውሸት ለምን ታስጨንቃለህ? "እንዳይሰጉ ብለን ነው።"

ገንዘቤን መልስልኝ አልኩት፤ ደረሰኝ ከተቆረጠ ተመላሽ የለም አለኝ። ደረሰኙን ገልብጦ በጀርባው በደቃቅ ፊደል የታተመውን አሳየኝ፦ ድርጅቱ ለሚበላሽ ዕቃ ኃላፊነት አይወስድም። እሺ፣ ያልተበላሸውን አቮካዶ ልውሰድ አልኩ። እዚህ ላይ ነው የሰማሁትን ማመን ያቃተኝ፤ ዕቃው ከሁለት ቀን በላይ ስለቆየ የማቆያ ኪራይ እንድከፍል ጠየቀኝ። ሳይልኩት ስለቆየ! የአጎቴ ልጅ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ኃላፊው ከውስጥ ወጣ፤ ሰምቶ፣ አስቦ፣ "የማቆያውን እንተውላቸው" አለ፣ ስጦታ እንደሚሰጥ።

ስዊድን ውስጥ የተላከ ዕቃ የት እንደደረሰ በስልክ ላይ ይታያል፤ ቢጠፋም በጽሑፍ አመልክቶ ካሳ መጠየቅ ይቻላል። እርግጥ እዚያ ተቆጥቶ የሚያናግሩት ሰው አይገኝም፣ የሚመልሰው ማሽን ነው፤ ለእኔ ብሎ ድምፁን ከፍ የሚያደርግ የአጎት ልጅም የለም። ግን ማሽኑ ጎሐ ጽዮን ነኝ ብሎ አይዋሽም። የሚገርመኝ ከዚሁ ከቆጋ የሚለቀም አቮካዶ በቀዝቃዛ ኮንቴይነር ተጭኖ፣ በጅቡቲ በኩል ባሕር ተሻግሮ፣ አውሮፓ ገበያ ላይ ደርሶ ያውቃል። የእኔው ከአንድ ግቢ ግድግዳ አላለፈም።

የአጎቴ ልጅ ጎረቤት የሕግ ባለሙያ ናቸው። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት እንዳለው፣ በደረሰኝ ጀርባ የታተመ ማስጠንቀቂያም የነጋዴውን ግዴታ ሁሉ እንደማያስቀር አስረዱኝ። ክሰሺ አሉኝ። በሁለተኛው ቀን ወደ አዲስ አበባ በራሪ ነኝ፣ ከዚያም ወደ ስቶክሆልም። ጸሐፊው ይህን ከመጀመሪያው ያውቃል፤ ሳጥኑን ስሰጠው "መቼ ይመለሳሉ?" ብሎ በፈገግታ ጠይቆኝ ነበር። ከውጭ የመጣ ደንበኛ ተከራክሮ እስከ መጨረሻው እንደማይቆይ ያምናሉ፤ ዋስትናቸው የመመለሻ ቲኬታችን ነው። ስለዚህ የምትሄዱበትን ቀን ለማንም አገልግሎት ሰጪ አትንገሩ፤ ደረሰኙንም ከተማው ውስጥ በሚኖር ዘመድ ስም አስቆርጡት፣ ቆይቶ የሚከራከር ሰው እንዲኖር። እኔ ደረሰኙን ለአጎቴ ልጅ ውክልና ጽፌ ትቼለታለሁ።

አቮካዶው ግን ተረፈ። የአዛውንቱ ምርጫ ልክ ነበር፤ ከላይ የነበሩት ጥቂቶች ብቻ ለስልሰው ነበር፣ የቀረው ሸራ ሥር ሰንብቶም ጥንክር እንዳለ ነው። እንደገና አሽገን በራሴ ሻንጣ ቦታ በአውሮፕላን ወሰድኩት፤ የራሴን ልብስ ለሌላ ጊዜ ባሕር ዳር ተውኩት። ለመልሱ የአቮካዶ ጭማቂ ቀረበ፤ ማንጎው በታሸገ የሱቅ መጠጥ ተተካ፣ አክስቴም ለእንግዳው ሁሉ ምክንያቱን ስትናገር አመሸች።

ለምትሄዱ፦ አቮካዶ ከሆነ ጠንካራውን፣ እጀታው ያልተነቀለውን ለቅማችሁ ከመብረራችሁ በፊት ባለው ቀን ግዙ። ማንጎ ከሆነ ትከሻው ሞላ ያለውን፣ ገና አረንጓዴውን ምረጡ፤ የበሰለውን እዚያው ብሉት። አየር መንገዱ የሚፈቅደውን ኪሎ ቀድማችሁ አጣሩ፣ ሳጥኑንም ቤት ሳላችሁ መዝኑት። ማንጎ ሻጯ ከመርዓዊ ገበያ በስተግራ፣ ቅመማ ቅመም ከሚሸጡት ሴቶች ቀጥሎ ትቀመጣለች። ጭድ ጠይቋት፣ ትሰጣችኋለች።