ስቶሪዊቨር በእንግሊዝኛ ንባብ ክፍለ ጊዜ፦ ታሪኩ በነፃ፣ ጥያቄው በመምህሩ

ስቶሪዊቨር የሕንዱ አሳታሚ ድርጅት ፕራታም ቡክስ እ.ኤ.አ. በ2015 የከፈተው የልጆች ታሪክ ድረ ገጽ ነው። ታሪኮቹ በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ ስለወጡ ማተም፣ ማባዛት፣ መተርጎም፣ ማሳጠርም ይቻላል፤ ጥንቃቄው የደራሲው፣ የሠዓሊውና የአሳታሚው ስም እንዳይጠፋ፣ ፈቃዱ እንዲጠቀስና ለውጥ ካደረጋችሁም እንዲገለጽ ነው። እንግሊዝኛው ብዙ ነው፤ አማርኛም አለው። የመማሪያ መጽሐፉ ምንባብ አንዴ ከተሠራ አለቀ፣ እዚህ ግን ሌላ፣ ከዚያም ሌላ ይገኛል።

ታሪኮቹ በአራት ደረጃ ተከፍለዋል፦ ከ250 ቃላት በታች፣ እስከ 600፣ እስከ 1500፣ ከዚያ በላይ። መምህር የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ደረጃው ለየትኛውም ቋንቋ ያው ነው እንጂ እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ብቻ ለሚያገኝ ልጅ ተብሎ አልተለካም። አንደኛ ደረጃ የተባለው የሕፃናት ታሪክ «ዊግል»፣ «ስኩዊሽ»፣ «ጊግል» በመሳሰሉ ቃላት ይሞላል። እንግሊዝኛ ቤቱ የሚነገርለት የአራት ዓመት ልጅ ያውቃቸዋል፤ የኛ የሰባተኛ ክፍል ጎበዝ ተማሪ አያውቃቸውም። ስለ ውሃ ወይም ስለ ነፍሳት የሚያስረዳ የሁለተኛ ደረጃ ጽሑፍ፣ ቢረዝምም፣ ሊቀለው ይችላል።

ስለዚህ የደረጃውን ቁጥር ትታችሁ ቃሉን ቁጠሩ። ያለ ረዳት ለማንበብ ከ100 ቃል 98ቱን ማወቅ ያስፈልጋል የሚለው በንባብ ጥናት በሰፊው የሚሠራበት መለኪያ ነው። 200 ቃላት ያለው ታሪክ ላይ ይህ አራት ባዕድ ቃል ማለት ነው። የመጀመሪያውን 100 ቃል ለአንድ ጎበዝ፣ ለአንድ መካከለኛና ለአንድ ደካማ ተማሪ ሰጥታችሁ የማያውቁትን ያስምሩበት። መካከለኛው እስከ ሁለት ካሰመረ ለብቻው ያንብበው፤ ከሦስት እስከ አምስት ከሆነ በክፍል አብራችሁ ሥሩት፤ ከዚያ ካለፈ ሌላ ታሪክ ፈልጉ።

ከአብዛኞቹ ታሪኮች ጋር የመረዳት ጥያቄ አይመጣም። እኔ ይህን እንደ ጉድለት አልቆጥረውም፤ ተዘጋጅቶ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ ጊዜ መረዳትን አይለካምና። ትርጉም የሌለው ዓረፍተ ነገር እንፍጠር፦ «ዘ ፕላምብ ድሪክድ ኢን ዘ ግሮብ»። ጥያቄው «ዌር ዲድ ዘ ፕላምብ ድሪክ?» ቢሆን ተማሪው «ኢን ዘ ግሮብ» ብሎ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ምንም አልገባውም፣ ዓይኑ ብቻ ሠርቷል። የሚፈትነው ጥያቄ መልሱ በአንድ መስመር ላይ ያልተጻፈው ነው። ታሪኩ ሌሊቱን ዝናብ እንደጣለና ልጅቷ ጫማዋን በእጇ ይዛ ቤት እንደገባች ቢናገር፣ «ለምን በእጇ ያዘችው?» በሉ። ጭቃ የሚል ቃል ገጹ ላይ የለም። መልሱንም በአማርኛ ተቀበሉ፤ የገባውን በእንግሊዝኛ መናገር ያቃተውን ልጅ እንዳልገባው አድርጋችሁ አትለኩት።

በ40 ደቂቃ ውስጥ አምስቱን ለሽፋኑ ሥዕልና ለግምት፣ አምስቱን ለሦስት ወይም ለአራት ቁልፍ ቃላት ስጡ። ከዚያ አሥር ደቂቃ በዝምታ ሁለት ጊዜ ይነበብ፤ ቀሪው ጥንድ ጥንድ ሆኖ ለመከራከር ነው፣ «የትኛው መስመር ነው እንዲህ ያስባለህ?» እየተባለ። ተራ በተራ ጮክ ብሎ ማስነበብ ክፍለ ጊዜውን ይበላል፦ የሚያነበው አጠራሩ ላይ ሲጨነቅ የቀሩት የሚደርሳቸውን አንቀጽ ይቆጥራሉ። ከንባቡ ጋር ቃሉን እያደመቀ የሚያሰማው የድምፅ ክፍል ለአጠራር ጥሩ ነው፣ ግን ከዝምታው ንባብ በኋላ ይምጣ። የአማርኛው ቅጂም እንዲሁ፤ ቀድሞ ከተነበበ ልጁ እንግሊዝኛውን ከማንበብ ይልቅ ታሪኩን ያስታውሳል። ደግሞ ትርጉሞቹ የበጎ ፈቃደኞች እጅ ስላለባቸው ሁሉም እኩል አይደሉም፤ ሳታነቡ አትስጡ።

የሕንድ ሽታው አንዳንዴ ያደናግራል። «ኦቶ» የሚለውን ልጁ ዲክሽነሪ ቢያገላብጥ ብዙውን ጊዜ «መኪና» የሚል ነው የሚያገኘው፤ በር ላይ የቆመው ባጃጅ ራሱ ነው ብትሉት ግን ክፍሉ ይስቃል፣ ቃሉም ይቀራል። የደቡብ አፍሪካው ድርጅት ሳይዴ የከፈተው የልጆች ታሪክ ድረ ገጽ፣ አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ በዚህ ይሻላል፦ ሥዕሉ ለእኛ የቀረበ፣ በየገጹ ያለው ጽሑፍም አጭር ስለሆነ ለደካማ ክፍል መጀመሪያ እሱን እመርጣለሁ። ወደ ሰባተኛና ስምንተኛ ሲኬድ ግን ስቶሪዊቨር ምርጫው ይሰፋል።

ለማነሳሳት ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ታሪክ አትማችሁ ካርቶን ውስጥ አስቀምጡና ራሳቸው ይምረጡ። ደብተር ላይ ርዕሱንና «ይህን ለማን ትሰጠዋለህ?» ለሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ማርክ የለውም። ማርክ የገባ ዕለት አጭሩን ታሪክ መምረጥና ከጓደኛ መገልበጥ ይጀመራል።

ወጪው ወረቀት ላይ ነው። 16 ገጽ ታሪክ በኤፎር አንድ ፊት ሁለት ገጽ፣ በሁለቱም ፊት ሲታተም አራት ቅጠል ይፈጃል፤ 60 ተማሪ ሦስት ሦስት ሆኖ ቢጋራ 20 ቅጂ፣ 80 ቅጠል። በአንድ ፊት አራት ገጽ ማድረግ ወረቀቱን በግማሽ ይቀንሳል፣ ፊደሉ ግን ለሦስት ሰው አይታይም። ሥዕሎቹ ባለቀለም በመሆናቸው ጥቁር በሆነ ሥዕል ላይ ያረፈ ጽሑፍ በፎቶ ኮፒ ይጠፋል፤ 20ውን ከማባዛታችሁ በፊት አንዱን አውጥታችሁ ከኋላ ወንበር አንብቡት።