ላስ ቬጋስ ስትሪፕ ላይ «ሃፒ አወር» አይታችሁ ከመቀመጣችሁ በፊት

ላስ ቬጋስ የምትሄዱ ሁሉ፣ በተለይ ልጆች ይዛችሁ ወይም በቡድን የምትሄዱ፣ ይህችን አንብቧት። ስትሪፕ (ትልልቆቹ ሆቴሎችና ካዚኖዎች የተደረደሩበት ጎዳና) ላይ ሰው በማይበዛበት ሰዓት፣ «ሃፒ አወር» በሚሉት፣ በቅናሽ መብላት ይቻላል፤ ይህ ውሸት አይደለም። ችግሩ በር ላይ የተለጠፈው ዋጋና ሒሳብ ሲመጣ የምታዩት ዋጋ የማይተዋወቁ መሆናቸው ነው። በሰዓቱ የቀነሱላችሁን በደረሰኙ መልሰው ይወስዱታል።

20 ዶላር የተባለ ምግብ እንውሰድ። አንዳንድ ቤቶች ደረሰኙ ላይ «ሲ ኤን ኤፍ» የሚል መስመር ያስገባሉ፤ ሲተነተን «ኮንሴሽን ኤንድ ፍራንቻይዝ ፊ» ነው። መጠኑ ወደ 5 በመቶ ይጠጋል። ስሙ የመንግሥት ግብር ይመስላል እንጂ አይደለም፤ ቤቱ ራሱ የጨመረው ክፍያ ነው። 20 ዶላሩ 21 ሆነ። ስትሪፕ ያለበት አስተዳደር፣ የክላርክ ካውንቲ፣ የሽያጭ ግብር 8.375 በመቶ ነው፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ጭማሪ ላይም ስለሚሰላ 22.76 ዶላር ይደርሳል። 18 በመቶ ቲፕ ግብሩ ከተደመረ በኋላ ባለው ላይ ሲታሰብ 4.10 ነው፤ ድምሩ 26.86 ዶላር። ስድስት ወይም ስምንት ሆናችሁ ከተቀመጣችሁ ደግሞ ቲፑን ራሳቸው ጨምረው ያመጡታል። ደረሰኙ ላይ «ግራቹቲ» ወይም «ሰርቪስ ቻርጅ» የሚል ካለ ከፍላችኋል ማለት ነው። ከሥሩ ግን «ቲፕ» የሚል ባዶ መስመር ይጠብቃችኋል። እሱንም በ18 በመቶ ከሞላችሁት የ20 ዶላሩ ምግብ 30.96 ዶላር ወጣ። ብዙ ሰው የሚታለለው እዚህ ጋ ነው፤ ያውም ሞቅ ብሎት በደብዛዛ መብራት ስለሚፈርም። ካርድ ከመስጠታችሁ በፊት «ኢዝ ግራቹቲ ኢንክሉድድ?» (ቲፑ ተካቷል ወይ?) በሉ፤ ነውር የለውም።

ሕጉስ አትሉም? ከሜይ 12 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው የፌዴራል ደንብ ሆቴሎች የሪዞርት ክፍያን (በአልጋው ዋጋ ላይ የሚጨምሩትን ግዴታ ክፍያ) ከመጀመሪያው በሚያሳዩት ዋጋ ውስጥ እንዲያካትቱ ያስገድዳል። ምግብ ቤቶችን ግን አይመለከትም። ስለዚህ የአልጋው ዋጋ ግልጽ ሆኗል፣ የምግቡ ገና በሜኑው ግርጌ በደቃቅ ፊደል እንደተጻፈ ነው። እዚያው ግርጌ ላይ ፈልጉት።

አሁን ወደ ሃፒ አወሩ። አብዛኛው ከቀኑ 9 እስከ 12 ሰዓት ነው (እነሱ ከ3 እስከ 6 የሚሉት)፤ አንዳንዱ ቤት ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ዳግም ይከፍተዋል። የሰዓት አቆጣጠሩን ቀላቅላችሁ እንዳትቀጣጠሩ። ቅናሹ ብዙ ጊዜ ባንኮኒው ጋ ወይም ላውንጁ ውስጥ ለተቀመጠ ብቻ ነው። ሁለት እርምጃ ርቃችሁ ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጣችሁ ያው ምግብ በሙሉ ዋጋ ይመጣል፤ የሚሰጣችሁም ሌላ ሜኑ ነው። ልጅ ለያዘ ሰው ቅናሹ የለም ማለት ይቻላል፤ ከ21 ዓመት በታች የሆነ ሰው ባንኮኒ ጋ አያስቀምጡትም፣ በቁማር ማሽኖቹ መሀል ማለፍ እንጂ መቆምም አይፈቀድለትም።

ሌላው፣ የሚቆጠረው አስተናጋጁ ትእዛዛችሁን ማሽኑ ላይ ያስገባበት ደቂቃ ነው፤ የተቀመጣችሁበት ወይም የጠራችሁት አይደለም። 12 ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀር ተቀምጣችሁ ሜኑ ስታገላብጡ ያልፋችኋል፤ ማሽኑ ደግሞ ከሰዓቱ በኋላ የቅናሽ ዋጋውን አይቀበልም። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ቀድማችሁ ግቡና ሁለተኛውን ትእዛዝም አብራችሁ ስጡ። ከዚህ ሌላ «እያንዳንዱ ሰው አንድ መጠጥ ማዘዝ አለበት»፣ «ይዞ ለመሄድ አይሆንም»፣ «ከሰኞ እስከ ሐሙስ» የሚሉ ሁኔታዎች አሉ። መጠጥ ለማይጠጣ ሰው የመጀመሪያው ቅናሹን ሊያጠፋው ይችላል። በኖቬምበር የፎርሙላ ዋን ውድድር ሳምንትና በአዲስ ዓመት ዋዜማ ጭራሽ የሚሰርዙት አሉ። (ጾመኞችም ተዘጋጁ፤ የባንኮኒ ሜኑ ማለት በአብዛኛው የዶሮ ክንፍና ትንንሽ በርገር ነው፤ የድንች ጥብሱም ከዶሮው ጋር በአንድ ዘይት ሊጠበስ ይችላል።)

ቡፌ ላይ የሚወራው ምክር ደግሞ ጊዜው ያለፈበት ነው። «ቁርስ ዋጋ ከፍለህ ገብተህ ምሳውን ጠብቅ» የሚለው ከ2020 በፊት ያስኬድ ነበር። ብዙዎቹ ቡፌዎች በወረርሽኙ ተዘግተው በዚያው ቀሩ፤ በአንድ ክፍያ 24 ሰዓት ከቡፌ ቡፌ የሚያዞረው የሲዘርስ (የብዙ ካዚኖዎች ባለቤት ኩባንያ) ትኬትም ቀርቷል። በቀሩት ላይ የመቀመጫ ገደብ የተለመደ ነው፤ 90 ደቂቃ የሚሉ አሉ። ሰዓቱ ሳይቀየር ልግባ ብላችሁ ከተሰለፋችሁም፣ ዋጋው የሚያዘው ካሸሯ ፊት በደረሳችሁበት ሰዓት ነው። በስልክ ቀድማችሁ ስትከፍሉ የማይመለስ መሆኑን አንብቡ። የበዓልና የቅዳሜ እሑድ ዋጋ ከሰኞው ይለያል።

ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ሌላ ታሪክ ነው። ሌሊት በእንቁላልና በስቴክ ርካሽ ይበላበት የነበረው ዘመን ስትሪፕ ላይ አብቅቷል ማለት ይቻላል፤ ሌት ተቀን ይሠሩ ከነበሩት ካፌዎች ብዙዎቹ አሁን ሌሊት ይዘጋሉ። ድረ ገጹ ላይ የተጻፈው ሰዓት ባሩ የሚዘጋበት ሊሆን ይችላል፤ ኩሽናው ቀድሞ ይዘጋል። ደውላችሁ «ኩሽናው እስከ ስንት ሰዓት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ተርባችሁ ክፍላችሁ ውስጥ ሆናችሁ ሩም ሰርቪስ ከጠራችሁ የማድረሻ ክፍያ፣ ራሱ የሚጨመር ቲፕና ግብር ይደራረባል። የክፍሉን ፍሪጅም አትንኩ። ብዙ ቦታ ዕቃው ሴንሰር ላይ ነው የተቀመጠው፤ ጠርሙሱን አንስታችሁ ብትመልሱትም ሊቆጥርባችሁ ይችላል። የራሳችሁን ውኃ ለማቀዝቀዝ ብላችሁ የነሱን ገፋ ማድረግ ራሱ ሊያስከፍል ይችላል። ስትወጡ ያልወሰዳችሁት ዕቃ ካለ ሒሳቡ ላይ አሰርዙት።

መንገድ ላይ «ነጻ ቡፌ ለሁለት» እያሉ የሚጠሯችሁ ሰዎች የሚፈልጉት የታይም ሼር (በየዓመቱ ለተወሰነ ጊዜ የማረፊያ ቤት የመጠቀም መብት) መሸጫ ስብሰባ ላይ እንድትቀመጡ ነው። ባልና ሚስት አብረው እንዲመጡ ይጠይቃሉ፣ ገቢያችሁን ይጠይቃሉ፣ «90 ደቂቃ ነው» ብለው ግማሽ ቀን ያቆዩአችኋል። ተታላችሁ ከፈረማችሁ በኔቫዳ ሕግ እስከ አምስተኛው ቀን እኩለ ሌሊት ድረስ በጽሑፍ መሰረዝ ትችላላችሁ። ቀኑ እንዳያልፋችሁ።

ካዚኖ ውስጥ «ቁማር እየተጫወትኩ በነጻ እጠጣለሁ» የሚለውም ስሌቱን ይፈልጋል። ብላክጃክ (21 የሚሞላበት የካርድ ቁማር) ጠረጴዛው ላይ 6 ለ 5 የሚል ከተጻፈ፣ በ10 ዶላር ብላክጃክ ሲወጣላችሁ የሚከፈላችሁ 12 ዶላር ነው፤ በ3 ለ 2 ጠረጴዛ 15 ነበር። ልዩነቱ ብቻ የቤቱን ብልጫ (ካዚኖው ከውርርዱ በአማካይ የሚያስቀረውን) በ1.4 የመቶኛ ነጥብ ገደማ ይጨምረዋል። የካዚኖው አባልነት ካርድ ላላቸው የሚሰጠው የምግብ ክሬዲትም ቀን የተወሰነለት ነው፣ ቲፕን ብዙ ጊዜ አይሸፍንም።

በትክክል በርካሽ መብላት የፈለገ ከስትሪፕ ይውጣ። በስፕሪንግ ማውንቴን መንገድ ወደ ምዕራብ ያለው ቻይናታውን ውስጥ እስከ ሌሊት የሚሠሩ ቤቶች ሞልተዋል፤ ካውንቲው «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ የሰየመው ሠፈርም ከስትሪፕ በስተምዕራብ ነው። ብቻውን የሄደ ሰው ግን የታክሲውን ደርሶ መልስ ይደምር፤ ለአንድ ሰው ቁጠባውን ሊበላው ይችላል፣ ለአራት ሰው ያዋጣል። ስትሪፕ ላይ ለመቅረት ከወሰናችሁ ከመንገዱ ዳር ያሉት ፋርማሲዎች ውኃና ሳንድዊች ይሸጣሉ፤ ክፍሉ ውስጥ ብዙ ጊዜ ማይክሮዌቭ ስለማይኖር ሳይሞቅ የሚበላ ምረጡ።