ዳይቭ ኮምፒውተሬ ጣርማ በርን አያውቅም፦ ከወራት አጠቃቀም በኋላ

ያገለገለ ዳይቭ ኮምፒውተር፣ ማለትም ባሕር ጠላቂ እጁ ላይ የሚያስረው መሣሪያ፣ ገዝቼ ወራት ተጠቅሜበታለሁ። ጥልቀቱን ያነባል፣ ደቂቃውን ይቆጥራል፣ ፈጥኖ ለሚወጣ ሰው ይጮሃል፤ በዚህ በኩል የምለው የለኝም። ያናደደኝ አንድ ነገር ነው፤ ከጠለቃ በኋላ ስክሪኑ ላይ የምትወጣው የአውሮፕላን ምልክት። ደብረ ብርሃን ለሚኖር ሰው ይህች ምልክት አትበቃም። ሻጮች ደግሞ ጉዳዩን አያነሱትም።

ምልክቷ ስትበራ ውኃ ውስጥ ከተተነፈሰው አየር ሰውነት ውስጥ የተጠራቀመው ናይትሮጅን ገና አልወጣምና አትብረሩ ማለቷ ነው። ስትጠፋ መብረር ይቻላል። ሻጩም “ምልክቷ ከጠፋች ጨርሰሃል፣ ወደ ቤትህ ግባ” ይላል። እኔ የምለው፦ የማን ቤት? ስሌቱ የተሠራው ለመንገደኛ አውሮፕላን ነው። የአውሮፕላን ካቢን አየር ቢሳሳ ቢሳሳ 2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው አየር በታች እንዳይወርድ ተደርጎ ይያዛል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከደብረ ሲና ወደዚያ ሲመጡ የሚታለፈው የጣርማ በር ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ ጅቡቲ ባሕር ጠልቆ በመኪና የሚመለስ የሰሜን ሸዋ ሰው ሰማይ ላይ ካለው መንገደኛ የባሰ ስስ አየር ውስጥ ይገባል። መንገደኛው ከአንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ይወርዳል፤ የእኛ ሰው እዚያው ይከርማል።

መንገዱ ራሱ ያታልላል። በጋላፊ፣ በሰመራ፣ በሚሌና በባቲ አድርጎ ኮምቦልቻ ላይ 1,800 ሜትር ገደማ ይወጣና ሸዋ ሮቢት ላይ ተመልሶ ወደ 1,300 ይወርዳል። ሰው ዳገቱን የጨረሰ ይመስለዋል። ዋናው ዳገት ግን ገና ነው፤ ደብረ ሲናን አልፎ እስከ ዋሻው ድረስ ከ1,700 ሜትር በላይ መውጣት አለ። ከሸዋ ሮቢት ደብረ ብርሃን ድረስ ያለው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ባሕር ጠረፍ 1 ባር የነበረው የአየር ግፊት ደብረ ብርሃን ላይ 0.7 ባር ገደማ ይሆናል። ለመውጣት በቂ ጊዜ ያላገኘ ናይትሮጅን ያኔ ክዳኑ እንደተነሳ የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ አረፋ ይሠራል። ትከሻና ጉልበት ላይ ሕመም፣ ጣት ላይ መውረር፣ ከባድ ድካም ያመጣል። መጥፎው ነገር፣ ይህ ሁሉ የመንገድ ድካምና የጣርማ በር ብርድ ይመስላል፤ ሰውም “ተኝቼ ልነሳ” ብሎ ያልፈዋል። ከጠለቃ በኋላ እንዲህ ያለ ስሜት ከመጣ ወደ ዝቅተኛ ቦታ መውረድ፣ ንጹሕ ኦክስጅን ማግኘትና ለሐኪሙ “ጠልቄ ነበር” ብሎ መንገር ያስፈልጋል።

የእኔው ኮምፒውተር ከአንድ ቀላል ጠለቃ በኋላ ምልክቷን በ12 ሰዓት ውስጥ ያጠፋታል። ያ ማለት ልክ መንገድ ላይ ሳለን ማለት ነው። የጠላቂዎች ደህንነት ድርጅት የሆነው የዳይቨርስ አለርት ኔትወርክ ምክር ሳይበሩ ለመቆየት ለአንድ ጠለቃ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለተደጋጋሚ ወይም ለብዙ ቀን ጠለቃ ቢያንስ 18 ሰዓት ነው፤ ሲወጡ ጥልቀት ላይ ግዴታ ማቆም ለነበረበት ጠለቃ ደግሞ ከዚያ በእጅጉ ይበልጣል። ይህም የወጣው እስከ 2,400 ሜትር ላለው ከፍታ ነው። ከዚያ በላይ የሚሄድ ሠንጠረዥ የሚፈልግ የአሜሪካ ባሕር ኃይልን የዳይቪንግ ማኑዋል ይመልከት፤ እስከ 10,000 ጫማ፣ ማለትም 3,048 ሜትር ድረስ ይሄዳል። እኔ የያዝኩት ደንብ ከኔትወርኩ ምክር ጠበቅ ያለ ነው፦ ከአንድ ጠለቃ በኋላ 24 ሰዓት፣ ከብዙ ቀን በኋላ 48 ሰዓት ሳይሞላ ከሰመራ አለማለፍ።

ይህ ገንዘብ ነው፣ አውቃለሁ። ግን ጅቡቲ ውስጥ በውድ አልጋ መቆየት ግዴታ አይደለም። ሰመራ 400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ማደር ከጅቡቲ ሆቴል ይረክሳል፣ ለሰውነትም ያው ባሕር ዳርቻ እንደመተኛት ነው።

ከፍታ ከተነሳ፣ የእኔው ዓይነት አሮጌ ሞዴል ከፍታን ራሱ አይለይም፣ የከፍታ ቁጥሩ በእጅ ይሞላል፤ ዜሮ እስከ 300 ሜትር፣ አንድ እስከ 1,500፣ ሁለት እስከ 3,000። 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ላሉት የቢሾፍቱ ሐይቆች ሁለት ላይ መሆን አለበት። ሁለት ላይ ተረስቶ ባሕር ቢገባ ጊዜ ያሳጥራል እንጂ አይጎዳም። ዜሮ ላይ ተረስቶ ቢሾፍቱ ቢገባ ግን ታች ለመቆየት የሚሰጠው ደቂቃ ከሚገባው በላይ ነው።

መግዛቱ ግን አልጸጸተኝም። የዶላር ዋጋ በብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከእጥፍ በላይ ስለጨመረ ሙሉ ዕቃ መግዛት ለብዙዎቻችን የማይታሰብ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ፊት ላይ ልክ የሚሆን ማስክ፣ ቀጥሎ ኮምፒውተር፤ ሌላው ይከራያል። ሲሊንደር በፍጹም አትግዙ፤ በየዓመቱ ውስጡ መታየት፣ በየ5 ዓመቱ በግፊት መፈተሽ አለበት፣ መሙያውም 200 ባር ይፈልጋል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር 10 ባር ገደማ ብቻ ነው የሚሰጠው፤ አየሩም ዘይት አለበትና ለሳንባ አይሆንም።

ያገለገለ ስትገዙ ባትሪ ቤቱን ክፈቱ። ኦሪንጉ (ውኃ እንዳይገባ የሚዘጋው የጎማ ቀለበት) የሚቀመጥበት ቦይ ላይ አረንጓዴ ዝገት ካለ ውኃ ገብቶ ያውቃልና ተዉት። ከዚያ ሰፊ አፍ ያለው የለውዝ ቅቤ ፕላስቲክ ዕቃ አፉ ድረስ ውኃ ሞልታችሁ ኮምፒውተሩን ጨምሩ፣ አየር ሳታስቀሩ ክዳኑን አጥብቃችሁ በሁለት እጅ ጭመቁት። ስክሪኑ ላይ የሚነበበው ጥልቀት ወደ 1 ወይም 2 ሜትር ከፍ ማለት፣ ስትለቁት መመለስ አለበት። ከባሕር በኋላ በንጹሕ ውኃ ካልታጠበ ውኃ ውስጥ መግባቱን የሚያውቅባቸው የብረት ነጥቦች ላይ ጨው ይደርቅና ከውኃ የወጣ አይመስለውም፤ ሲአር 2450 ባትሪውን ይጨርሳል።

እንደገና የምገዛ ቢሆን ከፍታን ራሱ የሚያነብና በሰውነት የቀረውን ናይትሮጅን በመስመር የሚያሳይ እመርጣለሁ። ሻጩንም አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ፦ የአውሮፕላኗ ሰዓት የተሰላው ስንት ሜትር ከፍታ ድረስ ነው? ቁጥሩን ካልነገረኝ አልገዛም።