ለልጄ ስለቀጠርነው የኮሌጅ መግቢያ አማካሪ፦ ከአምስት ኮከብ ሁለት

ትልቋ ልጄ አሥረኛ ክፍል እያለች ለኮሌጅ መግቢያ የሚያዘጋጅ የግል አማካሪ ቀጠርንላት። 2,400 ዶላር ከፈልን። አገልግሎቱ ማመልከቻዋን እስክታስገባ ድረስ ነበር። አሁን አልቋል፤ ያየሁትን ልጻፍ። የድርጅቱን ስም አልጠራም። ይህንኑ ምክር የሚሸጡ ብዙ ስለሆኑ ከስሙ ይልቅ ምክሩን ማወቅ ይጠቅማችኋል።

የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ ፌርፋክስ ካውንቲ ነው። እኔ ሌሊት ሆቴል ፍሮንት ዴስክ ላይ እሠራለሁ። ባለቤቴ ቀን አረጋውያን ትንከባከባለች። ነገሩ የተጀመረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ክርስትና የተጠራን ቀን ነው። ምሳ ተበልቶ ቡና ሲቀርብ ወሬው ወደ ልጆች ውጤት ዞረ። አንዱ ወዳጄ «የኔዋ 4.8 ናት» አለ። ሌላው «የኛም 4.7 ደርሷል» አለ። የእኔ ልጅ 4.3 ነበረች። ዝም አልኩ። ስንመለስ መኪና ውስጥ ባለቤቴ «አንድ ያላወቅነው ነገር አለ» አለችኝ። በሳምንቱ አማካሪው ቢሮ ተገኘን።

እኔ ማትሪክ የተፈተንኩት በ1989 ዓ.ም. ነው። ጎንደር ያለውም፣ ጅማ ያለውም፣ አዲስ አበባ ያለውም እኩል አንድ ፈተና ላይ ይቀመጣል። ኤ ማለት ኤ ነው። ከ4.0 በላይ የሚባል ነገር ሰምቼም አላውቅ። ስለዚህ እዚህ አገር ሰው «4.8» ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ በቅጡ አልገባኝም ነበር። የማይገባችሁ ወላጆች ካላችሁ አትፈሩ፣ ጠይቁ። እኔ ባለመጠየቄ ነው የከፈልኩት።

ባጭሩ እንዲህ ነው። ሁለት ዓይነት ጂፒኤ (የውጤት አማካይ) አለ። አንዱ ተራው ሲሆን ጣሪያው 4.0 ነው። ሌላው ዌይትድ የሚሉት፣ ለከባድ ክላስ ነጥብ የሚጨምረው ነው። በፌርፋክስ ኤፒ፣ አይቢ (ሁለቱም የኮሌጅ ደረጃ ያላቸው ከባድ ክላሶች ናቸው) ወይም ዱዋል ኢንሮልመንት የሚባለው የኮሌጅ ክሬዲት የሚያስገኝ ክላስ 1 ሙሉ ነጥብ ያስጨምራል። ኦነርስ የሚባለው፣ ከተራው ከበድ ያለ ክላስ፣ ግማሽ ነጥብ ያስጨምራል። ሴራሚክስን የመሰለ ክላስ ግን ምንም አይጨምርም።

ልጄ ደግሞ የምትወደው ሴራሚክስ ነው። ሸክላ። አሥረኛ ክፍል አንደኛውን ወስዳ ነበር፤ አሥራ አንደኛ ላይ ሁለተኛውን መቀጠል ፈለገች። በፌብሩዋሪ የኮርስ ምርጫ ቅጹ ሲመጣ ይዘነው ወደ አማካሪው ሄድን።

አማካሪው ስክሪኑ ላይ ሒሳቡን አሳየን። «ስድስት ኤፒ ወስዳ ሁሉንም ኤ ብታመጣ 5.0 ነው። ሰባተኛ ክላስ ሴራሚክስ ብትጨምር፣ ኤ ብታመጣ እንኳ አማካዩ ወደ 4.86 ይወርዳል» አለን። እውነቱን ነው፣ ሒሳቡ ትክክል ነው። ኤ አምጥታ ጂፒኤዋ ይቀንሳል! ይህን ስሰማ ደነገጥኩ። ልጄ «አባዬ፣ ግን እኮ የምወደው እሱን ብቻ ነው» አለችኝ። እኔ አማካሪውን አመንኩ። ሴራሚክስ ተሰረዘ። በምትኩ ኤፒ ሳይኮሎጂ ገባ። የዓመቱ አምስተኛ ኤፒ መሆኑ ነው።

ያንን ዓመት ባላስታውሰው ደስ ይለኛል። ከሥራ ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ስደውል አልተኛችም። 8 ሰዓት ላይም አልተኛችም። ቅዳሜ ጠዋት ከወንድሟ ጋር መሳቅ አቆመች። በዓመቱ መጨረሻ ሳይኮሎጂ ቢ ሆነ። ለእሱ ስትል ጊዜ ያጣችለት የአሜሪካ ታሪክም ከኤ ማይነስ ወደ ቢ ወረደ።

እስቲ አብረን እናስላው። በኤፒ ቢ ማለት 3.0 ነው፤ አንድ ሲጨመር 4.0። በሴራሚክስ ኤ ማለት 4.0 ነው። እኩል ናቸው! በዌይትድ ምንም አላተረፈችም። በተራው ጂፒኤ ግን በዚያ ክላስ አንድ ሙሉ ነጥብ ከሰረች። ታሪኩ ላይ ያጣችው ሲጨመር በሁለቱም በኩል ኪሳራ ነው። አማካሪው ይህን የሒሳቡን ሌላ ገጽ አላሳየንም። ሁሉንም ኤ እንደምታመጣ ቆጥሮ ነው ያሰላው።

ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ሎቢው ጭር ሲል፣ የልጄን የአሥረኛ ክፍል ሪፖርት ካርድ አውጥቼ በሆቴሉ ማስታወሻ ወረቀት ላይ ማስላት ጀመርኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። የእነሱ አሠራር ሌላ ነው። እዚያ ፕላስና ማይነስ የለም፤ 90ም 99ም ኤ ነው። ኦነርስም እንደ ኤፒ ሙሉ አንድ ነጥብ ያስጨምራል። በአንድ ኦነርስ ክላስ 91 ያመጣች ልጅ በፌርፋክስ ኤ ማይነስ ናት፤ 3.7 ላይ ግማሽ ተጨምሮላት 4.2 ታገኛለች። ያችው ልጅ በዚያው ውጤት ሞንትጎመሪ ብትሆን 5.0 ናት።

የልጄ ካርድ ላይ ሰባት ክላስ አለ። አንድ ኤፒ በኤ ማይነስ። አራት ኦነርስ፣ ሁለቱ ኤ፣ ሁለቱ ኤ ማይነስ። ሁለት ተራ ክላስ በኤ። በፌርፋክስ ሲሰላ 4.30። በሞንትጎመሪ ሲሰላ 4.71። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። ክርስትናው ላይ አንገቴን ያስደፋኝ ቁጥር ይኸው ነው። ልጄ ከወዳጆቼ ልጆች አላነሰችም። ወንዙን ተሻግሮ ያለው ካውንቲ አቆጣጠሩ ሌላ ነው፣ ሌላ ምንም የለም። 2,400 ዶላር የከፈልኩት ለዚህ ልዩነት ነበር።

በማግስቱ ባለቤቴ ትምህርት ቤቱ ደወለችና ከልጄ የትምህርት ቤት አማካሪ ጋር ቀጠሮ ያዘች። የአማርኛ አስተርጓሚ እንዲገኝም ጠየቀች። አስተርጓሚው በነፃ ነው፤ መጠየቅ ብቻ ነው። አማካሪዋ አርባ ደቂቃ ሰጡን። በዚያ አርባ ደቂቃ የተማርኩት በዓመት ተኩል ከተማርኩት ይበልጣል።

መጀመሪያ «ስኩል ፕሮፋይል» የሚባል ወረቀት አሳዩን። ከእያንዳንዱ ማመልከቻ ጋር ለኮሌጆች የሚላክ ነው። ትምህርት ቤቱ ምን ምን ኤፒ እንደሚሰጥ፣ ነጥቡን እንዴት እንደሚያሰላ ይገልጻል። ስለዚህ ማመልከቻውን የሚያነበው ሰው የፌርፋክስን 4.3 ከሞንትጎመሪ 4.7 ጋር ዝም ብሎ አያወዳድርም። ከቁጥሩ በላይ ትራንስክሪፕቱን፣ ማለትም የክላስና የውጤት ዝርዝሩን ያያል። የትኛውን ክላስ ወሰደች? ምን አመጣች? ከዓመት ዓመት እየተሻሻለች ነው ወይስ እየወረደች?

ሁለተኛው ነገር ይበልጥ አስደነቀኝ። ኮመን አፕ (ለብዙ ኮሌጆች በአንድ ላይ የሚያመለክቱበት ድረ ገጽ) ላይ የትምህርት ቤቱ አማካሪ የሚሞላው ቅጽ አለ። እዚያ ላይ የልጁ የክላስ ምርጫ፣ ትምህርት ቤቱ ከሚሰጠው አንፃር፣ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ምልክት ይደረጋል። አምስት ደረጃ አለው፤ የመጨረሻው «እጅግ ከባድ» እንደ ማለት ነው። ይህን የምትሞላው ሴት ልጄን በስም የምታውቃት ሴት ናት። ደመወዟን ካውንቲው ይከፍላል። እኛ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ቢሯን አላንኳኳንም።

ሦስተኛ፣ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ጂፒኤውን በራሳቸው መንገድ መልሰው ያሰላሉ። የባለቤቴ እህት ኦክላንድ ስለምትኖር ልጄ ስለ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጠየቀች። እነሱ የሚቆጥሩት የአሥረኛና የአሥራ አንደኛ ክፍልን ውጤት ነው። ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጡት ቢበዛ ለስምንት ሴሚስተር ክላስ ነው። ከሌላ ስቴት ለመጣ ልጅ ደግሞ የትምህርት ቤቱን ኦነርስ አይቆጥሩም፤ ኤፒና አይቢ ብቻ። አምስተኛው ኤፒ እዚያ ሲደርስ ነጥብ ላይ ምንም ሊጨምርላት አይችልም ነበር፤ አንድ ዓመት ሁለት ሴሚስተር ስለሆነ አራቱ ኤፒ ብቻ ስምንቱን ሴሚስተር ይሞላሉ።

ከባድ ክላስ አይወሰድ እያልኩ አይደለም። አትሳሳቱ። ኮሌጆች ክብደቱን በእርግጥ ያያሉ። ግን በዋናዎቹ ትምህርቶች ነው፤ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ታሪክ፣ የውጭ ቋንቋ። ኢንጂነሪንግ የሚፈልግ ልጅ ካልኩለስ ቢኖረው ይጠቅመዋል። ልጄ ግን ሳይኮሎጂ ፈልጋ አልነበረም። ለነጥብ ተብሎ ነው የገባው። ሜይ ላይ በተፈተነችው የኤፒ ፈተናም ከአምስት ሦስት አመጣች፤ አሁን የምትሄድበት ዩኒቨርሲቲ በዚህ ትምህርት ክሬዲት የሚሰጠው ከ4 ጀምሮ ነው።

እኛ አካባቢ ደግሞ ኖቫ የምንለው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ አለ። ሁለት ዓመት እዚያ ተምሮ፣ የሚፈለገውን ውጤት ጠብቆ፣ የቨርጂኒያ ትልልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ በዋስትና የሚገባበት ስምምነት አለው። የግል አማካሪያችን በዓመት ተኩል ውስጥ ይህን አንድ ጊዜ አላነሳውም። ገንዘባችን ምን ያህል እንደሆነ ግን የመጀመሪያ ቀን ጠይቆን ነበር። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ጥሩው ጎን? አለ፤ ሁለቱን ኮከብ ያገኙት በእሱ ነው። መልእክት ስንልክ በዚያው ቀን ይመልሳሉ። የማመልከቻ ቀኖችን አንድም አላሳለፉም። ድርሰቷን ያረመችላት ወጣት ጎበዝ ናት፤ የልጄን ድምፅ ሳትነካ ነው ያስተካከለችው። ለዚህ ብቻ የሚያስከፍሉ ቢሆን፣ ለብቻው 300 ዶላር ቢሉኝ እከፍል ነበር። የክላስ ምርጫ ምክራቸውን ግን በነፃም አልወስደውም። የቀረውን ገንዘብ እንዲመልሱ ጠይቄ ነበር፤ ውሉ አይፈቅድም አሉኝ። ውሉን አነበብኩት፣ እውነትም አይፈቅድም። ሳትፈርሙ በፊት አንብቡ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ልጄ ሦስት ኤፒ ብቻ ወሰደች። ወደ ሴራሚክስም ተመለሰች። አንድ ቀን ጀበና እሠራለሁ ብላ ተነሳች። የመጀመሪያው ምድጃ ውስጥ አንገቱ ላይ ተሰነጠቀ። ሁለተኛውም እንደዚያው። አዲስ አበባ ላለች እናቴ ደውላ «እማማ፣ አንገቱን እንዴት ነው የሚያያይዙት?» ብላ ጠየቀች። እናቴ ሸክላ ሠርታ አታውቅም፤ ሠፈር ያለች ሸክላ ሠሪ ዘንድ ሄዳ ጠይቃ ደወለችላት። ድርሰቷን የጻፈችው በዚህ ላይ ነው። የስቴቱ ሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ተቀብለዋታል። ከድርሰቱ ይሁን ከውጤቷ አላውቅም፤ ብቻ ስታነብልን ባለቤቴ አለቀሰች።

ታናሽ ወንድሟ በኦገስት ዘጠነኛ ክፍል ይገባል። የኮርስ ቅጹ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ከትምህርት ቤቱ አማካሪ ጋር ሐሙስ 9 ሰዓት ላይ ቀጠሮ አለን፤ እኔም እንቅልፌን ትቼ እሄዳለሁ። ሒሳብ ኦነርስ ይወስዳል፤ ይችለዋል። ትራምፔቱንም መቀጠል ይፈልጋል። ይቀጥላል።